ክፍተት መሙላት ወይስ ከጠቅላላው መቀነስ? የፐርሙቴሽን መልስን ማመሳከር

5 ወንዶችና 3 ሴቶች በዘፈቀደ በአንድ ረድፍ ቢቆሙ፣ የትኞቹም ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ያለመሆናቸው ፕሮባቢሊቲ ስንት ነው? መጽሐፉ 5/14 ይላል፤ የተማሪው ደብተር 25/28።

ክፍተት መሙላት አጭር ነው። ወንዶቹ በ5! = 5 × 4 × 3 × 2 × 1 = 120 መንገድ ይደረደራሉ። በመካከላቸውና በሁለቱ ዳር 6 ክፍተቶች ስላሉ ሴቶቹ በ6 × 5 × 4 = 120 መንገድ ይገባሉ። 14,400 ለ8! = 40,320 ሲካፈል 5/14 ይሆናል።

ቅነሳው ግን ወጥመድ አለው። 25/28 የመጣው ሦስቱም ሴቶች አብረው የቆሙበትን (6! × 3! = 4,320) ብቻ በመቀነስ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የመለሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። መቀነስ ያለበት ቢያንስ ሁለት ሴቶች የተጎራበቱበት ሁሉ ነው። ሁለቱን እንደ አንድ ሰው ብንቆጥር 3 × 2 × 7! = 30,240 እናገኛለን (3 ጥንዶች፣ በ2 ቅደም ተከተል፣ 7 «ሰዎች» ሲደረደሩ)። ሦስቱም የተያያዙበት ድርድር እዚህ ውስጥ ሁለቴ ስለገባ 4,320 እናነሳለን፤ 25,920 ይቀራል፣ ማለትም 9/14። ከ1 ሲቀነስ መጽሐፉ ጋር ይገጥማል።

ድርብ ቆጠራውን ለመያዝ ቁጥሩን ማሳነስ ይበጃል፦ 2 ወንዶችና 3 ሴቶች። ክፍተት መሙላት 12/120 ይሰጣል። ያልታረመው ቆጠራ ግን 144/120 ያወጣል፤ ከ1 የበለጠ ፕሮባቢሊቲ ራሱን ያጋልጣል። (በ2 ሴቶች ብቻ ቢሞከር ስህተቱ አይታይም።)

ለመፍታት ክፍተቱ ይሻላል፤ ቅነሳው ለማመሳከሪያ ይቆይ። መልሱ 20/56 ሆኖ ቢመጣም አያስደነግጥ፦ ከ6 ክፍተት 3 መምረጫው 20፣ ከ8 ቦታ 3 መምረጫው 56 ነው፤ ማን የት እንደቆመ ከላይም ከታችም አልተቆጠረም። 20/40,320 ከሆነ ግን ቅደም ተከተል የሚቆጥረውና የማይቆጥረው አቆጣጠር ተደባልቀዋል።