መድረክ ወይስ ካሜራ፦ የጀማሪ ተዋናይ ሁለት በሮች

በአዲስ አበባ ትወናን የሚጀምር ወጣት ሁለት በሮች ይጠብቁታል፤ አንዱ በ1927 ዓ.ም. እንደተመሠረተው ሀገር ፍቅር ወይም በ1948 ዓ.ም. እንደተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ያለ መድረክ ሲሆን፣ ሌላው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው።

መድረክ ድምፅን እስከ መጨረሻው ረድፍ ማድረስን፣ ገጸ ባሕርይንም ከመጋረጃው መከፈት እስከ መዘጋቱ ሳያቋርጡ መያዝን ያስተምራል። ተመልካቹ ሲሰለች ተዋናዩ እዚያው ይሰማዋል፤ ይህን ትምህርት የሚተካ የቀረጻ ስፍራ ያለ አይመስለኝም።

ካሜራ ግን የራሱ ጥበብ አለው። ትዕይንቶች ብዙውን ጊዜ በታሪኩ ቅደም ተከተል ስለማይቀረጹ፣ ተዋናዩ ጠዋት የአባቱን ለቅሶ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአባቱ ጋር የሚስቅበትን ቀን ሊጫወት ይችላል፤ ስለዚህ የስሜቱን መስመር በራሱ ልብ መያዝ አለበት። በቅርብ ቀረጻም የዐይን ጥቂት እንቅስቃሴ ከሰፊ የእጅ ምልክት ይበልጥ ይናገራል፤ ከመድረክ የመጡ ተዋንያን ግን ለመጨረሻው ረድፍ መጫወት ስለለመዱ መጀመሪያ ላይ ድምፅና እንቅስቃሴ ያበዛሉ።

በዝና ቴሌቪዥን ይቀድማል። ሆኖም ለወራት በአንድ ሚና የታወቀ ፊት ለዚያው ዓይነት ሚና ብቻ ሊታጭ ስለሚችል፣ እኔ ቢያንስ አንድ ሙሉ ተውኔት አስቀድሞ መጫወትን እመርጣለሁ።