«ሞተሩ ቅቤ ነው» ተብዬ የገዛሁት ፒካፕ፦ ከ16 ወር በኋላ

መስከረም 2017 ላይ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ገዛሁ። ደብል ጋቢና ነው፤ በፈረንጆቹ 1995 የተመረተ፣ ኤልኤን106 የሚባለው ሞዴል። ሞተሩ 3ኤል ይባላል፤ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባው ዕቃ) የሌለው። እስካሁን 21 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼዋለሁ። ባሕር ዳር ላይ ያየኝ ሁሉ «እንዴት ነው? ልግዛ?» ይለኛል። በየመንገዱ ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ሥራዬ የውሃ ፓምፕ መትከልና መጠገን ነው። በጋ ሲገባ ፎገራ ላይ ከጉማራና ከርብ ወንዝ ውሃ ስቦ ሽንኩርት የሚያጠጣው ገበሬ ደንበኛዬ ነው። ፓምፕ አለ፣ ቧንቧ አለ፣ ሁለት ሠራተኛ አለ፣ የመፍቻ ሳጥን አለ። ይኼ ሁሉ በባጃጅ አይሆንም። ሦስት ዓመት መኪና እየተከራየሁ ሠራሁ። ትርፉ የአከራዩ ነበር።

አዲስ መኪና ለእንደኔ ዓይነቱ ሕልም ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን ሰቀለው። ጥር 2016 ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ተናገረ። ሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዘለለ። እዚሁ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪናም እንደ ቦታ ዋጋው እየጨመረ ሄደ። ሠላሳ ዓመት የሠራ ፒካፕ ከአምናው ዘንድሮ ይወደዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ ብር አልጠራም። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር እናንተ እስክታነቡት ያረጃል። ሚዛኑን ግን እነግራችኋለሁ፦ ከገዛሁበት ዋጋ ሲሶውን ያህል ለማደሻ ጨምሬበታለሁ።

የሞኝ ግዢ

ደላላው ኮፈኑን ከፍቶ «ሞተሩ ቅቤ ነው፤ አንድ እጅ የተያዘ» አለኝ። እውነትም ሞተሩ ደስ ይላል። ጭስ የለውም። የዘይት መሙያ ክዳኑን ከፍቼ መዳፌን ብደፍንበት ትንፋሹ ትንሽ ነው፤ ይኼ የጤነኛ ሞተር ምልክት ነው። ቀለሙ ያበራል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። ከዚያ በፊት ያየሁትን አንዱን ፒካፕ የተውኩት በዚሁ ነበር። ሊብሬው 2ኤል ይላል፣ ኮፈኑ ውስጥ ያለው 3ኤል ነው። ሞተሩ ጥሩ ቢሆንም ወረቀት የማያውቀውን ሞተር አልገዛም ብዬ ሄድኩ። በዚህ ራሴን እንደ ብልጥ ቆጠርኩት።

አንድ ነገር ግን አላስተዋልኩም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ ኮፈኑ ሙቅ ነበር። ሻጩ ቀድሞ አስነስቶ አሙቆታል። ናፍጣ ሞተርን በብርዱ ሲነሳ ካላያችሁት አላያችሁትም።

ከገዛሁ በኋላ ሰፈር ወዳሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዤው ሄድኩ። ሰው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይገዛል፣ ከዚያ ያስመረምራል።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ደህና ነው አይደል?» አልኳቸው።

«ሞተሩን ተወው ልጄ፣ ሞተር ይሠራል። ና እዚህ ሥር ግባ» አሉኝ።

ካርቶን አነጠፍንና ገባሁ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ከበሩ ሥር ባለው ብረት ላይ እየጎተቱ ሄዱ። ማግኔቱ ይዟል፣ ይዟል፣ ይዟል፤ ከኋላው በር ሥር ሲደርስ ተንሸራቶ ደረቴ ላይ ወደቀ። እንደገና አስጠጉት፣ እንደገና ወደቀ። ያ ሁሉ የሚያበራ ቀለም ስቱኮ (ቀዳዳ የሚደፈንበት ልጥፍ) ላይ የተቀባ ነው። ብረት የለም። ቀጥለው መኪናውን የሚሸከመውን ብረት፣ ሻሲውን፣ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረጉት። ከፊት በኩል እንደ ደወል ይጮሃል። ከካሶኒው (ከጭነቱ ሳጥን) ሥር ሲደርሱ ድምፁ ድፍን ሆነ፣ የዝገት ቅርፊትም ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«ማዳበሪያ ሲጭን ኖሯል» አሉ። ለካ እሳቸው አይተው የሚያውቁት ነው። ጣና ጨዋማ ባሕር አይደለም፣ ሐይቁ ዳር መኖር ብቻውን መኪና አይበላም። ማዳበሪያ ግን እንደ ጨው ነው። በየብረቱ መጋጠሚያ ይገባና እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። የባሕር ዳር ክረምት ሲጨመርበት ውስጥ ውስጡን ይበላል። ከላይ የምታዩት የመጨረሻውን ነው።

ሞተር፦ ዘጠኝ ቀን

የሞተሩን ታሪክ ቶሎ ልጨርሰው፣ ምክንያቱም ቶሎ አልቋል። ዳሽቦርዱ ላይ የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቭና የፒስተኑን እንቅስቃሴ የሚያገናኘው ቀበቶ) መብራት አለ። በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ በርቶ ቺንጋ ቀይር ይላል። ቁልፍ ስከፍት ሌሎቹ መብራቶች ይበራሉ፣ እሱ ጨለማ ነው። ኤሌትራውቶው (የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪው) ዳሽቦርዱን ፈቶ አየው። አምፖሉ ተነቅሏል! አንዱ ባለቤት መብራቱ ሲያስጨንቀው ቺንጋውን ሳይሆን አምፖሉን አወጣው ማለት ነው። ቺንጋውን ስናየው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በዚህ ሞተር ላይ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በዚያው ዕለት ተቀየረ።

ኅዳር ላይ ደግሞ ከአዴት ስመለስ ሙቀቱ ወጣ። ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኖ ነበር። የዚህ ሞተር ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሙቀት አይወድም፤ ይጣመማል፣ ሲብስም ይሰነጠቃል። የኔው አልተሰነጠቀም፣ ተጣምሟል። ቶርኖ ቤት ተላጨ። ጓርኒሲዮኑን (በቴስታታውና በብሎኩ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ልገዛ ስል ጋሼ ከለከሉኝ። «ስንት ቁጥር ብለህ ነው የምትገዛው?» አሉ። ለካ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሦስት ዓይነት ውፍረት አለው። ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ስንት እንደሚወጣ ተለክቶ ነው የሚመረጠው። ያገኘውን የሚገጥም ጋራዥ ሞልቷል። ከዚያ መኪናው ዳግመኛ ሲሞቅ «ዕቃው ቻይና ሆኖ ነው» ይባላል።

ሁሉም ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ዕቃው ሁሉ ባሕር ዳር ውስጥ ተገኘ። ምክንያቱ ቀላል ነው። 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል የሚባሉት ሞተሮች ሚኒባሶቹ ውስጥም ያሉ ናቸው። ሚኒባስ ቆሞ መዋል ስለማይችል ነጋዴውም ዕቃውን አያጠፋም። ከማሞቂያ ካንዴላ እስከ ፒስተን፣ ከኦሪጅናል እስከ ታይዋን፣ ደረጃ በደረጃ ይቀርብላችኋል።

ቦዲ፦ አምስት ወር

ሚኒባስ ግን የፒካፕ በር የለውም።

ችግሬ ሁሉ እዚህ ነበር። ከበሩ ሥር ያለው ብረት ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተሠራ። የካሶኒው ወለል ግማሹ ወጣ። ሻሲው ላይ የተበላው ቦታ ተጠርጎ በወፍራም ብረት ተጠናከረ። ጋቢናው ሻሲው ላይ የሚያርፍበት ጎማ ጠፍቶ ስለነበር ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ተቆርጦ ተሠራ። እውነቱን ለመናገር ይኼ አስቂኝ ነገር እስካሁን ምንም አልሆነም። የመጀመሪያው ቦዲ ሠሪ ግን የበላኝን አይበላችሁ። ዝገቱን ሳይቆርጥ ላሜራ ደረበበት። በሦስት ወሩ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አወጣ። ሁለተኛው ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ሠራው። ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። አሁን ብየዳ ሲሠራ ቆሜ አያለሁ፤ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ብረቱን በስልኬ ፎቶ አነሣለሁ።

የበር ላስቲክ፣ የመስታወት ማውረጃ፣ የካሶኒ መዝጊያ እጀታ፣ ፍሬቻ። እነዚህ እዚህ የሉም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው የሚፈለጉት። እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ። ፎቶ በቴሌግራም እልካለሁ፣ ገንዘብ በስልክ እልካለሁ፣ ዕቃው በአውቶብስ ይመጣል። መንገድ ሲዘጋ ዕቃውም አብሮ ይቆማል። አንዱን ላስቲክ አንድ ወር ከምናምን ጠብቄዋለሁ። በሩን በፌስታል ጠቅጥቄ እነዳ ነበር።

ኮፈን ውስጥ ያለችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ፎቶ አንሡና ስልካችሁ ላይ አኑሩ። የሞዴሉ ኮድ፣ የሻሲ ቁጥሩ፣ የቀለሙ ኮድ እዚያ አለ። «የዘጠና አምስት ፒካፕ» ካላችሁ የማንንም ይልኩላችኋል። የዕቃ ቁጥር ካገኛችሁ ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። ቶዮታ ከፊት ያሉትን አምስት ቁጥሮች ለዕቃው ዓይነት ነው የሚሰጠው። ለምሳሌ በ13568 የሚጀምር ካያችሁ የታይሚንግ ቺንጋ ነው፣ ቀሪው የየትኛው ሞተር እንደሆነ ይለያል። አሮጌው ዕቃ ላይ ቁጥሩ ሳይጠፋ ሊኖር ይችላልና ሳታዩ አትጣሉት።

ፍሬቻው ላይ ግን የዕቃ ቁጥሩም አላዳነኝም። የተሰበረው የቀኙ ነው። «የቀኝ ላክልኝ» አልኩ። የግራ መጣ። ደወልኩ። ልጁ «ወንድሜ፣ ቀኝ አልከኝ፣ ቀኝ ላክሁ» አለኝ። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ገባን። እኔ ቀኝ የምለው መሪ ላይ ተቀምጬ ነው። እሱ ቀኝ የሚለው ከመኪናው ፊት ቆሞ ነው። መልሼ ላክሁት፣ ሌላ ሰው ሱቁ ውስጥ ገብቶ ኖሮ ያንኑ የግራ መልሶ ላከልኝ።

አነዳዱ

ባዶውን ሲሄድ ባሌስትራው (ከሥር የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) ድንጋይ ነው። ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ወገቤን ጨርሶኛል። አምስት ኩንታል ሲጫንበት ግን ይለሰልሳል፣ እንደውም ያምርበታል። ፍጥነት አትጠብቁ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በከፍታ አየር ያንሰዋል። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄበታለሁ። ስመለስ ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ ዓይኔን ሙቀት መለኪያው ላይ ተክዬ ወጣሁት። ኋላዬ የነበሩት ምን እንዳሉኝ እግዜር ይወቅ።

ናፍጣው በሊትር ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይወስደኛል፣ ጭነት ሲበዛ 8። ማደያ ሰልፉ ሲረዝም ከጀሪካን የገዛሁበት ጊዜ አለ። ውሃ ነበረበት። አሁን በየሳምንቱ ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን ብሎን ላላ አድርጌ ውሃውን አወጣለሁ። የዚህ ሞተር ውድ ዕቃ የናፍጣ ፖምፓው ነው፣ ውሃ ደግሞ ገዳዩ ነው።

ጭቃ ላይ ግን የሚደርስበት የለም። ሐምሌ ላይ ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ዳር ገብቼ ነበር። ወርጄ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጄ አዞርኩ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ። ከዚያ አራቱንም ጎማ አስገብቼ፣ አንዴ እንኳ ሳይንሸራተት ወጣ። በጎን በኩል አዲስ የሚመስል መኪና ተቀርቅሮ ነበር፤ እሱንም ጎትቼ አወጣሁት። ያን ቀን የቦዲ ሠሪውን በደል ረሳሁት።

ኤሲ የለውም። መስታወት ስትከፍቱ አቧራ፣ ስትዘጉ ምድጃ። ባለቤቴ «ጭነት ከሌለ አልሳፈርም» ትላለች። ስለ ባሌስትራው ነው።

አሁን ብገዛ

ካወጣሁት የማደሻ ወጪ ከ100 ብር 60ው የሄደው ለቦዲ፣ ለሻሲና ለቀለም ነው። ለሞተር 25። የቀረው ለጎማ፣ ለፍሬንና ለፊት ኩሽኔታዎች። ገዢዎች ግን ስንደራደር የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ኮፈን ከፍተን አንድ ሰዓት ሞተር እናዳምጣለን፣ ሥሩን አንድ ደቂቃ አናይም። እኔ ዛሬ ሞተሩ የሚያጨስ፣ ሻሲው ግን ንጹሕ የሆነ ቀለሙ የደበዘዘ መኪና ባገኝ ዓይኔን አላሽም። ቅርብ ጊዜ የተቀባ ሠላሳ ዓመት የሞላው ፒካፕ ካያችሁ መጀመሪያ «ለምን ተቀባ?» በሉ። ከቀረጥ ነጻ የገባ መሆን አለመሆኑንም ከወረቀቱ እዩ። ከሆነ ስም ለማዞር ቀረጡ እናንተ ላይ ይወድቃል።

ባለፈው ሳምንት ያው ደላላ መንገድ ላይ አስቆመኝ። ዞር ዞር ብሎ አየውና ጥሩ ዋጋ ጠራልኝ፣ ካወጣሁት በላይ። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት። ጎንበስ ብሎም አላየም። አልሸጥኩለትም፤ የሽንኩርቱ ወቅት ነው፣ በምን ልሠራ?

የቀኝ ፍሬቻው እስካሁን የለም። ቤቴ አንድ ትርፍ የግራ አለኝ። ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ፤ በግራው እለውጣለሁ። ቀኝ ስል መሪ ላይ ተቀምጬ ነው።