የመሰላል ታግ፦ መያዣውን ግዙ፣ ካርዱን ራሳችሁ አሳትሙ

ለጥገና ክፍላችን ካስገዛኋቸው ርካሽ ዕቃዎች ውስጥ እንደ መሰላል ታግ የጠቀመን የለም። አብሮት የመጣው ካርድ ግን የማይረባ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለያይቼ ነው የማወራው።

ለማያውቀው፣ ታጉ መዳፍ የሚያህል የፕላስቲክ መያዣ ነው። በኬብል ታይ መሰላሉ ቋሚ ላይ ይታሰራል። ውስጡ ካርድ ይገባል። ካርዱ ላይ የመሰላሉ ቁጥር፣ የሚሸከመው ክብደት፣ የተፈተሸበት ቀን፣ የፈተሸው ሰው ስምና ፊርማ ይጻፋል። በዚህ ሥራ ስሙ የሚታወቀው የእንግሊዞቹ ስካፍታግ ነው። እኛ ያገኘነው ግን ሀሳቡን የኮረጀ፣ ማን እንደሠራው እንኳ ያልተጻፈበት ዕቃ ነው። ይህንንም የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ? መሰላል ባለቤት የለውማ። ቀለም ቀቢው ይወስደዋል፣ ኤሌክትሪሺያኑ ይወስደዋል፣ ዲሽ ሊያስተካክል የመጣ ሰው ሳይጠይቅ ይዞት ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ማታ ዘበኛው ግቢ ውስጥ ተጋድሞ ዝናብ ሲደበድበው ያገኘዋል። መርገጫው ተጣሞ ሲገኝ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ «እኔ ስወስደውም እንዲሁ ነበር»። ታጉ ላይ ቀንና ስም ካለ ይቺ መልስ አትሠራም።

በጣም የወደድኩት ካርዱ ሲወጣ የሚሆነውን ነው። ካርዱን መዘዝ ስታደርጉት ከሥሩ መያዣው ላይ የታተመው ቀይ የክልከላ ምልክት ብቅ ይላል፤ «አትጠቀሙ» ማለት ነው። ስለዚህ ችግር ያገኘ ሰው ማድረግ ያለበት ካርዱን መዝዞ ለንብረት ክፍል ማስረከብ ብቻ ነው። ወረቀት ፍለጋ የለም፣ ፕላስተር ፍለጋ የለም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ጉድለት ያለበት መሰላል ወዲያው ምልክት ተደርጎበት ወይም ተለይቶ ከሥራ እንዲወጣ ያዛል። እኛ ጋ ያንን ደንብ የሚያስከብር ማንም ባይመጣም፣ ነገሩ በአንድ እጅ የሚሠራ ሲሆን ሰው ያደርገዋል። ሦስት ፎርም የሚያስሞላ ቢሆን ማን ይነካው ነበር?

አሁን ወደ ካርዱ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ ጽሑፉ የጉንዳን እግር ያክላል፣ ወረቀቱ ከማንጸባረቁ የተነሳ እስክሪብቶ አይዝም። ክረምት ሲገባ ውጭ የሚቀመጡት መሰላሎች ላይ ያለው ቀለም ፈሶ ቀኑና ስሙ አንድ ሰማያዊ ጭቃ ሆነ። ማተሚያ ቤት ሄደን ወፍራምና የማያንጸባርቅ ካርድ በአማርኛ አሳተምን፣ በማይለቅ ማርከር እንጽፋለን፣ አለቀ።

የራሳችንን ስናሳትም ደግሞ አንድ ነገር ጨመርን፤ ከፊርማው ፊት «ምን አገኘህ?» የሚል ባዶ ቦታ። ምክንያቱም የዚህ ዕቃ ትልቁ ጠላት ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ካርድ ሰብስቦ፣ ሻይ እየጠጣ፣ መሰላሉን ሳያይ የሚፈርም ሰው ነው። «ደህና ነው» የሚል መልስ አንቀበልም። «የግራ እግር ጎማ አልቋል» ወይም «አራተኛው መርገጫ ላይ ግራሶ ነበር፣ ጠረግሁት» ዓይነት ነገር እንፈልጋለን። ምንም ካልተገኘ ደግሞ ምን ምን እንደታየ ይጻፍ።

ምን ይታያል ለሚል፦ አሉሚኒየሙን መሬት ላይ አጋድሙትና ከጫፍ ሆናችሁ በአንድ ዓይን ቋሚውን እዩት፣ መጣመሙ ወዲያው ይታያል። ከዚያ አቁማችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ የላላ ሪቬት ይንኳኳል። እግሩን ገልብጡት፣ ጎማው አልቆ ብረቱ ከወጣ በሴራሚክ ወለል ላይ ይንሸራተታል። የሚረዘመው ዓይነት ከሆነ መንጠቆውን፣ ገመዱንና ፑሊውን እዩ። ፋይበርግላስ ፀሐይ ሲበላው ክሩ እየወጣ እጅ ይወጋል፤ እንዲህ ከሆነ ካርዱን ምዘዙ። የእንጨት መሰላል ቀለም ተቀብቶ ካያችሁ ጠርጥሩ፣ ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል፣ ኦሻም የሚከለክለው ለዚሁ ነው።

በግሌ ብዙ ጊዜ የማጠፋው ግን ሠፈር ውስጥ በተበየደው የቱቦላሬ መሰላል ላይ ነው። የቱቦላሬው ጫፍ ካልተዘጋ ዝናብ ይገባበታል፣ ውሃው ወደ ታች ወርዶ ከውስጥ በኩል ብረቱን ይበላል። ከላይ ስታዩት ቀለሙ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ነው። በትንሽ መዶሻ ቋሚውን ከላይ ወደ ታች መታ መታ አድርጉት። ጤነኛው ብረት ይጮኻል፣ የተበላው ጋ ስትደርሱ ድምፁ ይደነቁራል፣ አንዳንዴም ዝገቱ ውስጥ ለውስጥ ሲረግፍ ይሰማል። የታችኛው መርገጫ ብየዳ ዙሪያ ፀጉር የምታክል መስመር ካለችም መሰላሉ ለበያጁ ይመለስ። ቀለም ቀብታችሁ እንዳታልፉት።

ክብደቱን ካርዱ ላይ ስትጽፉ የሰውየውን ኪሎ ብቻ አታስቡ፣ መሣሪያውና የቀለም ባልዲውም ይቆጠራል። በአውሮፓው ኢኤን 131 ደረጃ የተሠራ መሰላል ብዙውን ጊዜ 150 ኪሎ ይላል። የአሜሪካው ቀላሉ ዓይነት፣ ታይፕ 3 የሚሉት፣ 90 ኪሎ አካባቢ ነው የሚችለው። የቱቦላሬው ላይ ግን ማንም የለካው ስለሌለ ያንን ቦታ ሰረዝ አድርገን ነው የምንተወው። ቁጥር ፈጥሮ ከመጻፍ ይሻላል።

ካርድ ይጠፋል፣ ይቀደዳል፤ ስለዚህ የተጻፈውን ወደ መዝገብ ደብተር እንገለብጣለን። መጀመሪያ ላይ ድካም መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን የአንዱ መሰላል የእግር ጎማ ደጋግሞ እንደሚያልቅ ያሳየን ይኸው ደብተር ነው። ጄኔሬተሩ ጋ ያለው ሻካራ ኮንክሪት ነበር ጎማውን የሚበላው፤ ወለሉን ስናስተካክል ነገሩ ቀረ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው ደህንነት አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። አንድ ቀን ጥያቄ ከመጣ «ምን አደረጋችሁ?» ሲባል የምታሳዩት ነገር አላችሁ።

ከታጉ ጎን የምጠቀመው የስልክ መተግበሪያም አለ፤ ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም የሚያወጣው የመሰላል ደህንነት መተግበሪያ። ነፃ ነው። ስልኩን ቋሚው ላይ ስታስጠጉት የተደገፈበት አንግል ትክክል መሆኑን በድምፅና በንዝረት ይነግራችኋል፣ የመፈተሻ ዝርዝርም አለው። አማርኛ የለውም። ስልክ ያልያዘ ሰው ደግሞ 4 ሜትር ከፍታ ላይ የሚደገፍ መሰላል እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር እንዲርቅ ካደረገ ያው ነው። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ከሆነ ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ወደ 1 ሜትር ይትረፍ።

ታጉ ለማን አይሆንም? ቤት ውስጥ አንድ መሰላል ላለው ሰው ትርፍ ወጪ ነው፣ በዓይኑ ቢያየው ይበቃል። ለሳይት የባህር ዛፍ መሰላልም አልመክርም። እርጥቡ እንጨት ሲደርቅ ይሸማቀቅና ምስማሩ ይላላል፣ በሳምንቱ መጀመሪያ የተፈረመ ካርድ ሐሙስ ላይ ውሸታም ይሆናል። እሱን ጠዋት ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ፈትሹት። ሦስትና ከዚያ በላይ መሰላል ላለው ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም ሕንፃ አስተዳደር ግን ዓይኔን ሳላሽ ግዙ እላለሁ። መያዣውን ከ5 አራት ተኩል፣ ካርዱን አንድ ሰጥቻለሁ። ስትገዙ ካርዱ ወጥቶ ቀዩ ምልክት በደንብ መታተሙን እዩ፤ አንዳንዱ ላይ ደብዝዞ ሮዝ ሆኗል። ኬብል ታዩም ጥቁሩ ይሁን፣ ነጩ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይሰበራል።