ለግሪን ካርድ ሰነድ የሚተረጉሙ ቢሮዎች፦ የትኛው ዋጋውን ያወጣል?

የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ለአማርኛ የልደት ወይም የጋብቻ ሰርተፍኬት የሚጠይቀው ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ ከሥሩም ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን አረጋግጦ የፈረመበት ቃል ነው። የኖተሪ ማኅተም ግዴታ ስላልሆነ፣ ግዴታ ነው ብሎ የሚያስከፍል ቢሮ ይቅርባችሁ።

ብዙ ቢሮዎች የሚወድቁት ቀን ላይ ነው። መስከረም 1 ቀን 1985 ሴፕቴምበር 11፣ 1992 ሲሆን፣ የዚያው ዓመት ጥር 1 ግን ጃንዋሪ 9፣ 1993 ነው፤ ዝም ብሎ ዓመቱ ላይ 7 የሚደምር ተርጓሚ ዕድሜ ያዛባል። ከፓስፖርቱ ጋር የማይገጥም ቀን ደግሞ ማብራሪያ ያስጠይቃል፣ ጉዳዩንም ያጓትታል። ስምም በፓስፖርቱ ፊደል ይጻፍ። የማኅተሙና የጀርባው ጽሑፍ ሳይቀር መተርጎም አለበት።

ከመፈረሙ በፊት ረቂቁን ልኮ የሚያሳርም ቢሮ ጥቂት ጨምሮ ቢያስከፍልም ይሻላል።