የአባቴ ዲቲ ሐረጎን ወጣች

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የሞተር ሳይክል መካኒክ ላመሰግን ነው የምጽፈው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ኩታበር አካባቢ አሮጌ ሞተር የምትነዱ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሞተሯ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ያቺ ከቤንዚኑ ጋር ዘይት የምታቃጥለው፣ ቱ ስትሮክ የሚሏት። አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያረጁ ሞተሮችን በጨረታ ሲሸጥ ገዛት። ልጅ ሆኜ ድምጿን ከሩቅ እለይና ሮጬ በር እከፍትለት ነበር። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። እኔ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ ዛሬም እንጀራዬ በእሷ ነው። ከኮምቦልቻ ክትባት በበረዶ ሣጥን አስሬ ደሴ እወጣለሁ፣ ከዚያ ወደ ገጠር ቀበሌዎች።

ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ዳገቱና ጥምዝምዙ የሞተርንም የሰውንም ልብ ይፈትናል። ከሚያዝያ ጀምሮ ዲቲዬ ጉልበት አጣች። ትነሳለች። ቆማ ስትሠራ ምንም አትልም። ሜዳ ላይ ዝግ ብላ ትሄዳለች። ጋዝ ስሰጣት ግን ድምጿ ይታፈናል፣ ጭሷ ይበዛል፣ ወደፊት አትልም። ሦስተኛ ማርሽ ካስገባሁ አለቀ። አንድ ቀን ሐረጎ ላይ ሲኖትራክ ልቀድም ወጥቼ መሐል መንገድ ላይ ከዳችኝ። ከላይ መኪና እየወረደ ነበር። እንዴት እንደተረፍኩ ፈጣሪ ያውቃል። የዚያን ቀን የበግ ፈንጣጣ ክትባቱ በረዶው ሟሙቶ ተበላሸ። ገበሬዎቹ በጎቻቸውን ሰብስበው ሲጠብቁኝ ውለዋል።

ሦስት ቦታ ወሰድኳት። ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ካንዴላ ቀየረ፣ ካርቡራቶር አጠበ፣ ሁለት ቀን ደህና የሆነች መሰለኝ። ሁለተኛው ገና ሳያስነሳት «ሞተሩ አልቋል» አለኝ። አስወረደው። ፒስተንና ፋሻ ተቀየረ። 18 ቀን ያለ ሥራ ተቀመጥኩ፣ 11,000 ብር ከፈልኩ። ይዣት ስወጣ ያው ናት። ተመልሼ ስጠይቅ «ደጋ ስለሆነ ነው፣ አየሩ ስስ ነው» ተባልኩ። አባቴ እኮ በዚሁ ደጋ ነው ዕድሜውን ሙሉ የነዳት! ሦስተኛው ፍሪሲዮን ነው ብሎ ሌላ ብር አስወጣኝ። በመጨረሻ «ለቁራሌው ሽጣትና ተገላገል» አለኝ። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ። ይህቺን ቃል ግን አልረሳትም። የአባቴን ሞተር!

አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው ይህን ሰው የጠቆመኝ። ቆርቆሮ ቤት ናት፣ ታፔላ እንኳን የላትም። ጋሼው ዕድሜው ወደ ስልሳ ይጠጋል። ታሪኩን ልዘረዝርለት ስጀምር «አብሽር፣ ተቀመጥ» አለኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ምን ዘይት ነው የምታደርግላት?»

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ለመኪና የሚሸጠውን፣ ከበርሜል የሚቀዳውን ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አስነሳትና ከኋላዋ ቁጢጥ አለ። መዳፉን ከማርሚታዋ፣ ማለትም ከጭስ ማውጫዋ፣ ጫፍ ትንሽ ፈንጠር አድርጎ ዘረጋ። «ጋዝ ስጣት» አለኝ። ሰጠኋት። ከዚያ «ና፣ እጅህን አምጣ» ብሎ የእኔን መዳፍ እሱ ቦታ ላይ አደረገው። የሚወጣው ትንፋሽ የታመመ ሰው ትንፋሽ ነው፤ ሙቀቱ አለ፣ ግፊት የለውም። ግቢው ውስጥ የቆመች ሌላ ቱ ስትሮክ አስነሳና እዚያም አስነካኝ። እጄን ገፈተረችው!

«አየህ፣ ያቺ ትተነፍሳለች። ያንተዋ ታፍናለች» አለኝ። ሞተሩን አልነካውም። ጭስ ማውጫዋን ብቻ ፈታ። ያልሆነ ዘይት ጥላሸት ሆኖ ውስጧን እንደደፈናት ነገረኝ። የቀረውን ዝርዝር እኔ አላውቀውም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ማርሚታዋን ከሰል ላይ አስተኝቶ ወናፍ አስነፋበት። ጥቁር ጭስ ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ። ሲበርድ ጆንያ ላይ እየመታ አራገፈው። ተቆራርሶ የወደቀው ጥቁር ነገር አንድ ጣሳ ይሞላል። በዚያ ሁሉ ነበር ሞተሬ ልተንፍስ ስትል የኖረችው።

«የከፈልኩበት ፒስተንስ?» አልኩት። «አዲስ ነው፣ ይጠቅምሃል» አለኝ። ስለ ሌሎቹ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም።

ልከፍለው ስል «ሐረጎን ሳትወጣ ብር አልቀበልም» አለኝ። የአስር ሶላት ሰግዶ መጣና በራሱ ሞተር ከኋላዬ ተከተለኝ። አስቡት፣ ሥራውን ትቶ! ዳገቱን ስንጀምር እጄ ላብ በላብ ነበር። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ጋዝ ሰጠኋት። ብድግ አለች! የከዳችኝ ኩርባ ላይ ስደርስ ያለ ምንም ችግር አለፈችው። ላይ ጭጋጉ ጋ ስንደርስ ቆምን። ከሞተሩ ሳይወርድ «በል፣ አላህ ከክፉ ይጠብቅህ» አለኝ። 2,000 ብር ሰጠሁት። 700 ቆጥሮ ያዘና የቀረውን ኪሴ ውስጥ መለሰው። «የቱ ስትሮክ ዘይት ግዛበት። ሌላ ዘይት እንዳታስነካት።»

ደሴ ቤት ስደርስ እናቴ በሩን ከፍታ ቆማለች። «ድምጿን ስሰማ አባትህ የመጣ መሰለኝ» አለችኝ። ሁለታችንም ምንም ሳንናገር ቆምን።

ባለ ሞተሮች፣ እባካችሁ! ሞተራችሁ ጉልበት ካጣ፣ ብራችሁን ከመበተናችሁ በፊት እዚህ ሰው ጋ ውሰዱት። ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት እሱ ያዳምጥላችሁ። ሐቀኛ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው፣ ሰውን ያከብራል። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለኝ አልጻፍኩም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ራሴ እወስዳችኋለሁ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ማክሰኞ ክትባት ላመጣ እወርዳለሁ። እናቴ ለእሱ ብላ ሁለት ኪሎ ቡና ለቅማ አዘጋጅታለች፤ እሱንም ከበረዶ ሣጥኑ ጎን አስሬ እሄዳለሁ።