የላቨናም የእንጨት ቤት ወይስ የቢበሪ የድንጋይ ቤት?

ሁለቱም የእንግሊዝ መንደሮች የሱፍ ታሪክ አላቸው፤ ቤታቸው ግን ለየቅል ነው።

ላቨናም ውስጥ ቤቱ የቆመው በኦክ እንጨት ነው። አናጢዎቹ እርጥቡን ጠርበው በእንጨት ሚስማር አያያዙት። እያደር ሲደርቅ ተጣመመ፤ ብዙዎቹ ቤቶች ዛሬ ዘመም ያሉት ለዚህ ነው። ክፍተቱ በቀጫጭን እንጨት ተማግሮ በጭቃ ተመርጓል፣ ልክ እንደኛ አገር ጭቃ ቤት። አደራ፣ ሲሚንቶ እንዳይለሰን! እርጥበቱን አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። የሚስማማው ኖራ ነው።

የቢበሪው አርሊንግተን ሮው የሚባለው የቤቶች ረድፍ ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1380 አካባቢ የሱፍ መጋዘን ሆኖ ተሠራ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሸማኔዎች መኖሪያ ሆነ። ጣሪያው ሳይቀር ድንጋይ ነው፤ ትልልቁ ከታች፣ ትንንሹ ከላይ።

ውበቱን አልክድም። እኔ ግን ላቨናምን እመርጣለሁ፤ ቤቱ እንዴት እንደቆመ ከውጭ ይታያላ።