ዳገቱን ይችላል፣ ቁልቁለቱን አይችልም፦ የናፍጣ ፒክአፔ ክሩዝ ከወራት በኋላ

ክሩዝ ኮንትሮል (ነዳጅ መስጫውን ሳትረግጡ የመረጣችሁትን ፍጥነት የሚጠብቅ መሣሪያ) ያለው የናፍጣ ፒክአፕ ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን እወቁ። ቁልቁለት ላይ ፍጥነት አይይዝም። የእኔ አይይዝም። 100 ላይ አስሬው ወደ አዳማ ስወርድ 105 ይላል፣ 108 ይላል፤ ዕቃ ከጫንኩበት 115 ድረስ ይሄዳል። ፍሬን ካልያዝኩ ቁልቁለቱ እስኪያልቅ በራሱ አይመለስም።

መኪናው ደብል ጋቢና ነው። አውቶማቲክ ማርሽ፣ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው የናፍጣ ሞተር። ሥራዬ አዲስ አበባና መቂ መካከል ስለሆነ ከገዛሁት ጀምሮ መንገድ ላይ ነው። ስሄድ የውሃ ፓምፕ፣ የመስኖ ቱቦ፣ ማዳበሪያ እጭናለሁ። ስመለስ ቲማቲም ወይም ሽንኩርት። ወንበሩ ይመቻል፣ ሞተሩ አላስቸገረኝም፣ መለዋወጫም አይጠፋም። ስለዚህ ሁሉ ብዙ የምለው የለኝም። የሚያናግረኝ ክሩዙ ነው።

ሻጩ መኪናውን ሲያሳየኝ ደጋግሞ ያነሳው ይህንኑ ነበር። «ፈጣን መንገዱ ላይ ስትወጣ አንዴ ትጫነዋለህ፣ አዳማ እስክትደርስ እግርህን አሳርፈህ ትሄዳለህ» አለኝ። ወንድሜ፣ አዳማ እኮ ታች ነው! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዳማ 1,700 ገደማ። እግሬን የማሳርፈው የቱ ጋ ነው? እግሬ ፍሬኑ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የምደርሰው።

ችግሩ የት እንዳለ ዳሽቦርዱ ራሱ ያሳያችኋል። ቁልቁለቱ ሲጀምር የሞተሩ ድምፅ ይለዝባል። የነዳጅ ፍጆታውን የሚያሳየው ቁጥር ይወርድ ይወርድና 0.0 ላይ ይቆማል። ክሩዙ ናፍጣውን ጨርሶ ዘግቶታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነገር የለውም። ዜሮው እንደቆመ የፍጥነቱ ቀስት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን እያዩ መንዳት ያበሳጫል። በተለይ ከፊት ሲኖትራክ ሲኖር፣ ወይም ራዳር የያዘ ትራፊክ ይኖራል ብላችሁ ስትጠረጥሩ።

ተራ ክሩዝ የሚያዘው ነዳጁን ብቻ ነው። ፍሬን አይነካም። የቤንዚን መኪና ላይ ይህ ጉድለት ያን ያህል አይሰማም። እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ የአየር መግቢያው ክዳን ይዘጋል፤ ሞተሩ አየር ለመሳብ ሲታገል መኪናውን ይዞ ያስቀረዋል። የናፍጣ ሞተር ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው በነዳጁ መጠን እንጂ አየር በመዝጋት አይደለም። አየሩ እንደልብ ይገባል። ስለዚህ ነዳጁ ቢቋረጥም ሞተሩ መኪናውን አጥብቆ አይይዘውም። የጭነት መኪና ሾፌሮች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ለትልልቅ መኪኖች የጭሱን መውጫ የሚያፍን ኤግዞስት ብሬክ የሚገጠመውም ለዚህ ነው። አሜሪካ የሚሸጡት ትልልቆቹ የናፍጣ ፒክአፖች፣ እነ ራም 2500 ባለ ከሚንስ ሞተሩ፣ እነ ፎርድ ሱፐር ዲዩቲ፣ ኤግዞስት ብሬክ ስላላቸው ቁልቁለት ላይ ክሩዙን ያግዘዋል። እኛ አገር በብዛት የሚነዱት መካከለኛ ፒክአፖች ላይ ግን ይህን አላየሁም።

ጋራዥ ወስጄው ነበር። መካኒኩ ኮምፒውተር ሰካበት፣ ነዳው፣ ተመለሰ። «ጤነኛ ነው ጌታዬ፤ ናፍጣ እኮ ነው» አለኝ። አምኜዋለሁ። እውነቱን ነው የነገረኝ። ግን መካኒኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረኝን ሻጩ ከመግዛቴ በፊት ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

ደግሞ አሁን ሻጩ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ታዲያ ፍሬን ነካ አድርግበት!» ይላል። ፍሬን ስነካ እኮ ክሩዙ ይጠፋል። መልሼ ስጫነው የጠፋውን ፍጥነት ቶሎ ለማምጣት ማርሽ ወደ ታች ይጥልና ተስፈንጥሮ ይነሳል። ቀጥሎ ሌላ ቁልቁለት ይመጣል፣ እንደገና ፍሬን። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አንገቱ ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲል ይውላል። ክሩዝን የፈለሰፈው ራልፍ ቲተር የሚባል ዓይነ ስውር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ሐሳቡ የመጣለትም መኪናው ውስጥ ሲቀመጥ የሾፌሩ ፈጠን ቀዝቀዝ ማለት ስላስመረረው ነው ይባላል። ክራይስለር በ1958 እ.ኤ.አ. መኪና ላይ ገጥሞ ሸጠው። ያንን ሰው ያስመረረው ነገር ዛሬ እኔ መኪና ውስጥ የሚመጣው ከክሩዙ ከራሱ ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

ዳገት ላይ ግን ሌላ መኪና ነው። ይህን ካልተናገርኩ ግፍ ይሆናል። ቲማቲም በሣጥን ሞልቼ ከሞጆ ወደ ላይ ስመለስ ቀስቱ 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይልና ቱርቦው ሲነሳ ወደ ቦታው ይመለሳል። አዲስ አበባ አካባቢ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ያለከልካል። የእኔ ጭነቱን ይዞ፣ ፍጥነቱን ይዞ ይወጣዋል። በሞጆና በመቂ መካከል ባለው ሜዳማ ፈጣን መንገድም 100 ካልኩት 100 ነው።

አሁን ስወርድ የማደርገው ይህ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ክሩዙን 90 ላይ አወርደዋለሁ። ማርሹን ወደ «ኤስ» ወስጄ ከ4 በላይ እንዳይወጣ አደርገዋለሁ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ግን ይይዛል፤ የእኔ መኪና ላይ ይህ ክሩዙን አያጠፋውም። ዝናብ ካለ ጨርሶ አላስረውም። በአሮጌው የቢሾፍቱ መንገድ ከሄድኩም አልነካውም፤ ባጃጅና የአህያ ጋሪ ባለበት ክሩዝ አይታሰብም።

ልሽጠው? አልሸጠውም። ያንን ዳገት ከነጭነቱ እንዲህ የሚወጣልኝ መኪና በቀላሉ አላገኝም። ግን ቀጣዩን ስገዛ ሻጩን ስለ ቆዳ ወንበርና ስለ ስክሪን አላስወራውም። ክሩዙ ፍሬን ያዛል ወይስ ነዳጅ ብቻ? ይህን ይመልስልኝ። መልሱን ካላወቀ ቁልፉን ይስጠኝና ከኋላው ዕቃ ጭኜ ቁልቁለት ላይ ልሞክረው። ቢሮው ፊት ለፊት ባለው አስፋልት ላይ ዞሬ አልፈርምም።